ትሩፋት የዘገየችበት እሑድ

ትሩፋት በቢጎዲን ጠቅልላ የጨረሰችውን ፀጉር መልሳ ፈታችው። ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አለች ሙሽራዋ ማርቲ፣ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣባት።

«ይቺኛዋ አልያዘችም፣ የኔ ቆንጆ።»

ይዛለች። ትሩፋት መካኒሳ አቦ ፀጉር ቤት ከከፈተች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷ ጠቅልላው ያልያዘ ፀጉር እስከ ዛሬ አልታየም። ሌሎቹ ሙሽራቸውን ገና ሲያጥቡ የትሩፋት ሙሽራ ፎቶ እየተነሳች ነው ይባልላታል። ዛሬ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ትናንት እንደተቀጠረች ለማጅ ትንፏቀቃለች። ተለምና ነው።

የለመነቻት የማርቲ አክስት ወጋየሁ ናት። ሙሽራዋ ከመድረሷ በፊት መጥታ ደጃፉ ላይ ያዘቻት። የማርቲ አባት አቶ ገሠሠ፣ ጎፋ በተኙበት ሆስፒታል፣ ትናንት አመሻሹ ላይ አርፈዋል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። በሬው ታርዷል፣ የሙሽራው ወገን ከአዳማ መጥቶ ለቡ መብራት ኃይል ዘመድ ቤት አርፏል። «ሠርጉ ቢመለስ ሰውየው አይመለሱ» ተባለና መርዶውም ቀብሩም ለሰኞ ተያዘ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም እንዲል ተለመነ። ግቢው ውስጥ የተተከለው የሠርግ ድንኳን ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ፤ ነቅሎ መልሶ መትከል ትርፉ ድካም ነው። ሁሉም መልክ መልኩን ያዘ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ማርቲ ሙሽራው በአራት ሰዓት ከመምጣቱ በፊት፣ ቬሎዋን ለብሳ ሆስፒታል ጎራ ልትልና ለአባቷ ልትታይ ቆርጣለች። ደም ግፊት ጥሏቸው አንደበታቸው ከተያዘ ወር ሊሞላ ነው፤ ባይናገርም ያየኛል፣ ዓይኑ ይበቃኛል፣ ትላለች።

«ብንከለክላት ትነቃለች» አለች ወጋየሁ። «አንቺ ጋ ይርፈድባት። ሰዓት የለም እንበላት።»

ስለዚህ ሰዓቱን መጨረስ የትሩፋት ሥራ ሆነ። ፀጉሩን ሁለት ጊዜ አጠበችው። የፀጉር ማድረቂያውን ፎን ጋለ ብላ ደጋግማ አሳረፈችው። የፀጉር መተኮሻውን ፒያስትራ በእግሯ ከሶኬቱ ነቀለችና መብራት ደከመ ብላ አሳበበች። ሁለቱ ሚዜዎች ሚስጥሩን ስለሚያውቁ ሙሽራዋ እንዳታወራቸው ማድረቂያው ካስክ ሥር ገብተው ተቀምጠዋል። ካስኮቹ አልበሩም።

ቀጥላ የሙሽራዋን ፊት ወደ መኳኳል ዞረች። የግራውን ቅንድብ ሣለች፤ ከቀኙ በለጠ ብላ ጠረገችው።

«ትሩፍዬ፣ በናትሽ። አባዬ ቅንድብ አይቆጥርም።»

ትሩፋት እርሳሱን ቀርጻ ቅንድቡን እንደገና ጀመረችው።

በዚህ መሃል ሮበሌ ገባ። ጎን ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት የእሱ ነው። ማርቲ አባቷ አምረው እንዲያዩዋት ፈልጋ፣ ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ፂማቸውን እንዲላጭ ለምናው ነበር። ወጋየሁ ደግሞ እሱንም ቀድማ አግኝታዋለች፤ ሄጄ ላጨሁ ብለህ ውጣ ብላዋለች።

«ሄድክ፣ ሮቤ?» አለችው ማርቲ።

ሄጄ መጣሁ፣ አሳምሬ ላጨኋቸው፣ አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር፤ የታዘዘው እስከዚህ ነው። ግን ሮበሌ ሆዱ የማይችል ሰው ነው። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን ስታየው ባዶዋን ትቷት መውጣት ከበደው። መታመማቸውንና መሞታቸውን እንጂ አንደበታቸው መያዙን አልሰማም።

«መርቀውሻል» አለ። «ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም ይስጣት በልልኝ አሉኝ።»

የትሩፋት ብሩሽ የማርቲ ጉንጭ ላይ ቆመ።

«እንደዚህ አለ?» አለች ማርቲ፣ ቀስ ብላ።

«ደጋግመው።»

አመሰገነችው። እሱም ጽድቅ እንደሠራ ሰው ቀለል ብሎት ወጣ።

ማርቲ ከወንበሯ አልተነሳችም። በመስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ ሚዜዎቹን አየች። አንዷ ጫማዋን አቀርቅራ ታያለች፤ ሌላዋ የተዘጋ ስልኳን ትነካካለች። ቀጥላ ያልበሩትን ካስኮች አየች። በመጨረሻ ትሩፋትን አየች፤ ትሩፋት ሌላ ንጹሕ ብሩሽ አንስታ መጥረግ ጀመረች።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ስለሚል ከመካኒሳ ጎፋ በአሥር ደቂቃ ይደረሳል። ፀጉሩም አልቋል፤ የትሩፋት እጅ እየለገመም ቢሆን ሥራውን ጨርሷል፣ የቀረው ዓይነርግብ መሰካት ብቻ ነው። ትሩፋት ሰዓቱንም ፀጉሩንም አየች። እንዴት ብላ ታስቀራታለች? አሁንስ የምታስቀራት ለማን ብላ ነው?

ወጋየሁ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። ፊቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ስታጠናው የቆየችው ፈገግታ ነበር።

«እንግዲህ ማርትዬ፣ ሆስፒታሉን እንኳ...»

«አንደርስም» አለች ማርቲ። «ፀጉሬ ገና ነው።»

ወጋየሁ ተመስገን አለች፤ ድምፅ አውጥታ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

ማርቲ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና አንድ ፒን ነቀለች። ሁለተኛውን ነቀለች። አንድ ጥቅል ፀጉር ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ከመታጠቡ እንጀምር» አለች።

ተነስታ ማጠቢያው ጋ ሄደች፣ ተቀመጠች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። ትሩፋት ውሃውን ለቀቀችው። ኩሉ በነጩ ሳህን ላይ እየቀለጠ መውረድ ሲጀምርና የልጅቷ ደረት ሲንቀጠቀጥ፣ ሚዜዎቹ ለቅሶዋን እንዳይሰሙ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።