አንድ አልጋ ነው ወይስ ሁለት?

«ከአያቴ ጋር አልተኛም ብያለሁ! ከልጆቹ ጋር ነኝ» አለችና የገዛ ልጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ስልክ የተዘጋባት ታላቋ ልጅ ስልኳን የጉዞ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሁሉም አብረው ሊጓዙበት ወዳሰቡት መርከብ ሥዕል ተመለሰች። ቤተሰቡን ፎቅ በፎቅ ስትደለድል ነው ያረፈደችው። አራሷ እህቷ ከሊፍቱ አጠገብ፣ ወንድሞቿ ከነሚስቶቻቸው ጎን ለጎን፣ ሲያንኮራፋ ሰፈር የሚቀሰቅሰው አጎት ደግሞ ማንም ወደማይደርስበት ጥግ ተመድበዋል። በረንዳ ያላትን፣ ከአልጋ ሆኖ ባሕር የሚታይባትን ክፍል ለእናቷና ከጎናቸው ተለይታ ለማታውቀዋ ለዚህችው ልጇ ነበር ያቆየችው። እናትም አባትም በዕድሜያቸው ባሕር አይተው አያውቁም።

«ታዲያ እማዬን ከማን ጋር ልናደርጋት ነው?» አለ ታናሽ ወንድሟ። ቤተሰቡ «ሚኒስትሩ» ይለዋል፤ ሥራ ሳይነካ መመሪያ መስጠት ይችልበታል። «ብቻዋንማ አትተኛም።»

የጉዞ ቢሮዋ ሠራተኛ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «እናትና አባት አንድ ክፍል ይሆናሉዋ! ምን ያስጨንቃል?» ከልጆቻቸው ጎን ወደተቀመጡት ሁለት አዛውንት ዞር ብላ በፈገግታ ጠየቀች። «አንድ ትልቅ አልጋ ይሁንልዎት እናቴ፣ ወይስ ሁለት ትንንሽ?»

በሁሉም ነገር ላይ ሐሳብ የማያጣው ሚኒስትር ጣሪያውን መመርመር ጀመረ።

ታላቋ ልጅ ነገር መመርመር ትወዳለች፤ ጎረቤት ምን እንደተጣደ ክዳኑ ሳይነሳ የምታውቅ ሴት ናት። አባቷ ቤት ውስጥ ለምን ለብቻቸው በትንሿ ክፍል እንደሚያድሩ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ከወፍ በፊት ይነሱ ስለነበር አልጋቸውን ወደዚያ አወጡ። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱ ለሌላ ሹፌር ተሰጠ፤ አልጋው ግን እዚያው ቀረ። እናቷ ጎን በነበረው ቦታቸው የልጅ ልጅ ገባችበት። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ያለ ነገር ማን ያየዋል? አሁን ግን ጥያቄው መጣባት፤ ተጣልተው ነበር? መቼ? ፍርሃትም ያዛት። አባቷ በዚህች ባዕድ ሴት ፊት «ሁለት» ቢሉ እናቷ ያፍራሉ። ይዛቸው የመጣችው ደግሞ እሷው ናት።

«ሁለት ይሁን» አሉ እናት ጠረጴዛውን እያዩ። «እሱ ብቻውን መተኛት ነው የሚወደው።»

እስካሁን የመርከቡን ሞተር ፎቶ ሲመለከቱ የነበሩት አባት ዞር አሉ። «ማነው የሚወደው?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ እኮ ሌሊት ስነሳ እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«አውቶቡሱን ከተውክ ስንት ጊዜህ ነው?»

አባት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። «አልጠራሽኝማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳይጠሩት አቤት ይባላል እንዴ?»

«በገዛ ቤትህ፣ ወደ ገዛ አልጋህ ጥሪ ትጠብቃለህ?» እናት አሁን በሙሉ ዓይናቸው አዩአቸው። «እኔ ደግሞ የሰለቸሁህ መስሎኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ቦታው ባዶ ሲሆን ከበደኝ፤ ልጅቷን ያመጣኋት ለዚያ ነው።»

ታላቋ ልጅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ግን ጆሮዋን ቀስራለች። እነዚህን ሁለት ሰዎች ይሉኝታ በአንድ ጣሪያ ሥር አለያይቷቸው ሲኖር እሷ በየቀኑ በመሃላቸው ታልፍ ነበር። አንጀቷን በሉት።

ሠራተኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲያው… አንድ ልበል?»

«አንድ» አሉ አባት። እናት አልተቃወሙም።

«የበረንዳዋን ክፍል አሳያቸው!» አለችው ታላቋ ልጅ ወንድሟን፤ ግን እሱን ሳትጠብቅ ራሷ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረች። ሰፊ አልጋ፣ ከፊቱ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሰማያዊ ውኃ። አባት መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ባሕሩን አላዩትም።

«አልጋው መሃል ነው የቆመው።»

«አዎ አባቴ፣ በሁለቱም በኩል እንዲያስኬድ ነው» አለች ሠራተኛዋ።

«ወደ ግድግዳ አይጠጋም?»

«መርከብ ስለሆነ ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው።»

«እንግዲያስ አይሆንም። እሷ ጀርባዋን ግድግዳ ካላስደገፈች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።»

ታላቋ ልጅ እናቷን አየች። ይህንን አታውቅም ነበር። «እውነት ነው እማዬ?» ብላ ጠየቀች። እናት ግን ልጃቸውን የሰሟት አይመስሉም፤ ባላቸውን እያዩ ነበር።

«ግድግዳ ጋ የተጠጋ አንድ አለ» አለች ሠራተኛዋ በጥርጣሬ። «ግን ታች ነው፣ ጠበብ ይላል፤ መስኮትም የለውም።»

«መስኮት የሌለው? በፍጹም!» ታላቋ ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ባሕር ሊያዩ እኮ ነው የሚሄዱት! አባዬ፣ ያቺን በረንዳ ለእናንተ ብዬ ከስንቱ ወንድምና እህት ጋር ተጣልቻለሁ!»

«ተይ ልጄ፣ እሷን ለአራሷ ስጫት» አሉ አባት። «እኛ ባሕሩን ቀን ቀን እናየዋለን።»

እናት አቀርቅረው የቦርሳቸውን ዚፕ ለመዝጋት ይታገሉ ጀመር፤ ቦርሳው ግን ዝግ ነበር።