ልጆቹ ከቤት እንዳይወጡ

ካምፓላ ውስጥ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ሰሎሜ በጠዋት ቦዳ ሞተር ይዛ ተናኜ ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ ተናኜ፣ ባሌ ንሳምብያ ሆስፒታል ተኝቷል። እኔ እዚያው ነው የምውለው። እኛ ቤት ሁኚልኝ እባክሽ። ልጆቹ ከቤት እንዳይወጡ፤ ሰው አጉል ወሬ እንዳያሰማቸው።"

ተናኜ ነገር አታበዛም። የምትሸጠውን በርበሬ ጆንያው ውስጥ ቋጥራ፣ በሯን ቆልፋ ቦዳው ላይ ተፈናጠጠች። ሰውነቷ ትልቅ ነው፣ ሳቋ ደግሞ ከሰውነቷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ሙቱንጎ ሰፈር ሲደርሱ የሰሎሜ ልጆች፣ የሰባት ዓመቷ ሀዊና ታናሿ አማን፣ ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

መጀመሪያ ወንበሮቹን ደርድራ አውሮፕላን ሠራች።

"ቀበቶ እሰሩ። ሮሌክስ ቂጣ በእንቁላል የሚበላ ከፊት፣ ፖሾ ገንፎ የሚበላ ከኋላ።"

"የት ነው የምንሄደው?" አለ አማን።

"ጁባ ነዋ፣ ዮፍታሔ ጋ።" ዮፍታሔ አንድ ልጇ ነው። ጁባ ጋራዥ ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ይደውልላታል።

"ጁባ አይሆንም" አለች ሀዊ ቶሎ ብላ። "ኢንቴቤ እንሂድ።"

"ከሙቱንጎ ኢንቴቤ በአውሮፕላን? የሀብታም ልጅ እኮ ነሽ አንቺ።"

በነጋታው የፖሾ ዱቄት አቡክታ በእርድ ቀባችና ጉማሬ ሠሩ። የአማን ጉማሬ ጆሮው በዛ፣ ተናኜም የሰፈሩ ወሬኛ ይሄ ነው ብላ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ደግሞ በሙዝ ቅጠል ጀልባ ሰፍተው ሳፋ ውኃ ላይ ለቀቁ። ሀዊ ፎቶ ላንሳ ብላ የተናኜን ስልክ ተቀበለች። ስልኩ ውኃው ውስጥ ገባ። ልጅቷ አልደነገጠችም፣ አላለቀሰችም፤ ቆማ እስኪሰምጥ አየችው።

"በቃ" አለች ተናኜ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። "ዮፍታሔ እሑድ ሲደውል ከዓሣ ጋር ያውጋ።"

ማታ ሰሎሜ አሠራልሻለሁ ብላ ስልኩን ወሰደችው። አልመለሰችውም።

"ለባልሽ ለደሬሳ አጥሚት ሠርቼ ላድርስለት?" አለች ተናኜ።

"ጠያቂ አይገባም ብለዋል።" ሰሎሜ ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያኔ ተናኜ ገባት። ደሬሳ ሞቷል። ጥቁር አንበሳ የመሰለ ሰው፣ ልጆቹን በሁለት ትከሻው ተሸክሞ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው። ሰሎሜን ግን አልወቀሰቻትም። መርዶ ሲነጋጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። ተናኜ የራሷን ባል መሞት ማኬሬሬ ጎዳና ላይ ከማታውቀው ሰው አፍ ሰምታ አስፋልት ላይ የወደቀች ሴት ናት። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህን ልጆች እንደዚያ የሚያገኛቸው ቢኖር በእሷ መቃብር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሥራ ሆነ። ብርድ ልብስ ወጥራ ድንኳን ተከለች። ከካርቶን ቤተ መንግሥት አቆመች። እየሳቀች ጀርባዋ ይቆረጣል፤ ልጆቹ እንዳያዩባት ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እንባዋን ትጠርጋለች። ደግነቱ ልጆቹ መውጣት አላማራቸውም። እንዲያውም እሷ ሽንኩርት ልግዛ ብላ ስትነሳ አማን እግሯ ላይ ይጠመጠማል።

"አክስቴ፣ ድብብቆሽ አንዴ ብቻ።"

"አንተ መዥገር፣ ወጡ በምን ይሠራ?"

"ያለ ሽንኩርት እንበላለን።"

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ስትል ሀዊን ሆዷን አመማት።

የሰሎሜ ጎረቤት ቦንቱ የሙዝ ቅቅል ማቶኬ ይዛ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ተናኜን አቅፋ አልለቅ አለች። ተናኜ ጎኗን ቆነጠጠቻት።

"ልጆቹ ፊት? ዋጪው።"

ቦንቱ ዋጠችው። ማቶኬውን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ወጣች።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከግቢው የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ተናኜ ያልጠበቀችው አይደለም። ልጆቹን ቀስቅሳ ፊታቸውን አበሰች፣ ሹራብ አለበሰቻቸው፣ አንዱን በቀኝ አንዷን በግራ ጉያዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ጠበቅ አደረገቻቸው።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ዓለምሰገድ ከፊት ገቡ። ሽማግሌዎች ተከተሉ፣ ሴቶች ተከተሉ፣ ሰሎሜ ገባች። እንደምን አደራችሁ ያለ የለም።

"እኔ ደግፌ ይዣቸዋለሁ" አለች ተናኜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ንገሯቸው፣ አቶ ዓለምሰገድ።"

አቶ ዓለምሰገድ ልጆቹን አላዩም። ቦንቱና ሌላ ጠንካራ ሴት መጥተው ከተናኜ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሀዊ ከጉያዋ ሾልካ ወደ እናቷ ሮጠች።

"እማዬ፣ አንዴም አላስወጣናትም።"

ከሁሉም ኋላ፣ በደኅና እግሩ እየተራመደ፣ የጁባ መንገድ አቧራ እንደለበሰ፣ ደሬሳ የዮፍታሔን ሻንጣ ታቅፎ ገባ።