የሙልጎል መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ

ሽማግሌ ታክ ጁንጊል የሙልጎል ቤተ ክርስቲያንን የመቶ ዓመት ታሪክ ጽፎ ሲጨርስ፣ ከመቶው ዓመት ሰማንያው የታክ ቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ሃያ ደግሞ ጦርነትና የሚያፈስ ጣሪያ ነው።

መጽሐፉ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። የጥምቀት መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ የለም፤ ከስፌቱ ላይ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ቁጥር አንድ ሆኖ የተጠመቀው መሥራች ማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነበር። ለመቶኛ ዓመቱ በዓል ጥቁር ድንጋይ ተዘጋጅቷል፤ ጉባኤው ግን «በወሬ የመሥራች ስም አናስቀርጽም» ብሎ ድርቅ አለ።

ታክ መሥራቹ ማን እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠረም። አያቱ ታክ ማንሶክ ነው እንጂ ሌላ ማን ሊሆን!

«ተመልከቱ እንጂ!» ይላል አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ለመጋቢ ናም እያሳየ። «ሌላው ሁሉ የጨዋ ጥቁር ባርኔጣውን ደፍቶ ሲኮፈስ፣ አያቴ የቀርከሃ ቆብ! መቀመጫውም በሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት። ለሕፃን ልጅ ሳይቀር ‹እርስዎ› ነበር የሚለው አሉ። እንዲህ ያለ ትሕትና ዛሬ ከየት ይመጣል?»

ከልጅ ልጁማ አይመጣም አሉ መጋቢው በሆዳቸው። አፋቸው ግን «አሜን» አለ።

«የቤተሰባችሁ የትውልድ መዝገብስ ምን ይላል?»

«በጦርነቱ ተቃጠለ።»

በሙልጎል አለሁ አለሁ የሚል ሰው የትውልድ መዝገብ ሁሉ በጦርነቱ ነው የተቃጠለው።

ገጹን ማን እንደወሰደው ታክ ያውቃል። መዝገቡን በጸሐፊነት ይዘው የኖሩት የእማማ ቦንግ ሱንናም አባት ናቸው። እማማ ሱንናም ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ኩሽና አርባ ዓመት መርተዋል፤ ቢላ ከያዙ ዶሮ በአራት ምት ይገነጣጥላሉ።

በከተማው ደግሞ አንድ የቆየ ወሬ አለ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አራጅ ገብቶ ከሰው ጋር ቢቀመጥ፣ ሊጠመቁ የመጡ ሰባት ጨዋዎች ብድግ ብለው ወጡ፤ ከወንዝ ማዶም የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ያኔ አራጅ ከሰው አይቆጠርም፤ የቤተሰብ ስም እንኳ አልነበረውም። ማን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

«ምኑ ይጠፋናል?» አለ ታክ ለጉባኤው። «የሱንናም አባት ጸሐፊ፤ አራጁ የተጻፈበት ገጽ የለም፤ ቢላው ከእጇ አይለይ። ዘር ከልጓም ይስባል! በአያቶቻችን ጊዜ አራጅ ልጅ ሲያይ እንኳ እጅ ነስቶ ነበር የሚያልፈው። ይቺ ሽማግሌ ላይ ትገላመጣለች!»

ጉባኤው አንገቱን ነቀነቀ። ማሰብ እንደሁ አንገት መነቅነቅን ያህል አይቀልም።

ታክ ወደ ኩሽና ሄደ። እማማ ሱንናም ራዲሽ የሚባለውን ነጭ ሥር እየከተፉ ነበር።

«እማማ፣ ገጹን ያምጡ።»

ቀና አላሉም። «ተወው ጁንጊል። አባቴ ያወጣው ለደግ ነው።»

«ለማን ደግ?»

«በቃ ለደግ። ድንጋዩ ላይ ‹ምእመናን መሠረቱት› ብላችሁ ጻፉና ዕረፉ።»

«ያሳፈረሽ ነገር ቢኖር ነዋ!» አለ። በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡትን ሴት «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ተወው።

«እኔን? እኔን ምን አሳፍሮኝ?» እማማ ሱንናም ሳቁ። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…»

«ሰማችሁ?» ብሎ አብረዋቸው ወደሚሠሩት ሴቶች ዞረ። «ከአፏ እንኳ በሬ አይጠፋም!»

ሴቶቹ ድንች መላጣቸውን ቀጠሉ።

በሳምንቱ ጉባኤው ወሰነ፤ ገጹ ለበዓሉ እሑድ ካልመጣ እማማ ሱንናም ከኩሽናው ይወጣሉ፣ ስማቸውም ከታሪኩ ይፋቃል። አርባ ዓመት ሾርባቸውን የጠጣ ሁሉ እጁን አወጣ። መጋቢ ናምም አወጡ፤ ትንሽ ዝቅ አድርገው።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። ታክ ከወንዝ ማዶ የሰባቱን ጨዋዎች የልጅ ልጆች ጠርቶ ፊት ለፊት አስቀምጧቸዋል፤ የአራጅ ዘር ስትዋረድ ይዩለት ብሎ። ድንጋይ ጠራቢው ከመስኮቱ ውጭ መሮውን ይዞ ቆሟል።

«እንደተጻፈው ነው የምትቀርጸው» ብሎታል ታክ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ፊደል ሳትጨምር፣ ፊደል ሳትቀንስ!»

እማማ ሱንናም ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ገቡ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለውን ገጽ ለታክ ሰጡት።

«መጀመሪያ አንተ ብቻህን አንብበው፣ ልጄ። እባክህ።»

«በጓዳ የሚነበብ ነገር የለንም!» ሳይፈታው ለመጋቢው አቀበላቸው። «ጮክ ብለው ያንብቡት። ጠራቢውም ይስማ።»

እማማ ሱንናም መሄጃ እንደጠፋው ሰው እዚያው ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ታክ ይህን አይቶ ደስ አለው፤ ደስታውን ለመሸፈንም ራሱን ለጸሎት ደፋ።

መጋቢ ናም መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን አዩ። ታክን አዩ።

«ሽማግሌ፣ ምናልባት ከምሳ በኋላ ቢሆን…»

«ያንብቡ እንጂ!»

አነበቡ፦ «ቁጥር አንድ፤ እስከ ዛሬ የቤተሰብ ስም ያልነበረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ታክ ማንሶክ የሚባል፤ ሥራው ከብት አራጅ።»