ሁልጊዜ የሚዞረው አንቴና

"ውረድ ከመሰላሉ! ወላሂ ይቺን እንጨት ከነካሃት ዓይንህን አላይም!"

ሐይቅ ከተማ… ቅዳሜ ረፋድ…

እትዬ ሀዲያ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጥለው ግቢያቸው መሃል ቆመዋል።

መሰላሉ ላይ ያለው ልጃቸው ሙስዓብ ነው። ለእናቱ አዲስ ዲሽ ገዝቶ ከደሴ መምጣቱ ነው። በእጁ ፒንሳ ይዟል…

ሊቆርጥ የፈለገው ከአጥሩ ጥግ ከተተከለው ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረውን አሮጌ አንቴና ነው።

"እማ፣ የዓሣ አጥንት እኮ ነው የሚመስለው! ሐይቅ ዳር መኖራችን አንሶ አጥንቱን እንጨት ላይ እንስቀል?"

"አጥንትም ቢሆን ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ! ልቀቅ!"

"ለዲሹ የሚሆነው ቦታ ይሄ ብቻ ነው። በሌላው በኩል የግቢው ትልቅ ዛፍ ይጋርደዋል።"

"እንግዲያ ዲሽህን ይዘህ ደሴ ግባ! እኔ ከአየር በነፃ የሚመጣልኝ ይበቃኛል።"

ሙስዓብ ሳቀ።

"ይሄ ደግሞ መቼ ሠርቶ ያውቃል? ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር 'ዛሬም ተበላሽቶ ዋለ' ነበር የምትይኝ! በቀን በቀን ይዞራል… በቀን በቀን ፍሽሽሽ…"

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት የልብስ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች።

ዑምኩልሱም ትባላለች። እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። ተማሪ ፊት ካልሆነ በቀር ድምጿ የማይሰማ ዓይን አፋር ናት።

በሆዷ አንድ ምስጢር ይዛ ኖራለች… አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ!

ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሚኒስትሪ ወደቀች። የጣላት ሒሳብ ነው።

አባቷ ሞተው ስለነበር የሚያሳድጓት አጎቷ ጋሼ ሙሐዲን ነበሩ። እሳቸውም ቆረጡ።

"አንድ ጊዜ በግሏ ትፈተን። ከወደቀች ለሚጠይቃት እሰጣታለሁ። እስከዚያ ከቤት ንቅንቅ የለም!"

አስተማሪ የለ… ማስጠኛ የለ…

በጎረቤቷ በእትዬ ሀዲያ ቴሌቪዥን ግን ከሰዓት በኋላ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ይተላለፍ ነበር።

ጋሼ ሙሐዲን ደግሞ ቴሌቪዥን ሴት ልጅ ያባልጋል ባይ ናቸው። ሰው ቤት ሄዶ ማየት ቀርቶ ስሙን ማንሳት አይቻልም።

ዑምኩልሱም አንድ መላ አገኘች።

የአንቴናው እንጨት አጥሩን ተጠግቶ የቆመ ነው። እጇን በአጥሩ ቀዳዳ ታሾልክና… እንጨቱን ትንሽ ዞር!

በእትዬ ሀዲያ ቤት ምስሉ ይጠፋል።

ወዲያው ድምፃቸው ይመጣል፦ "ዑምኩልሱም! ነይ ይቺን ነገር አዙሪልኝ!"

እዚህ ላይ ጋሼ ሙሐዲን አቅም የላቸውም። ልጇ ትምህርት ቤት ሄዶ ብቻዋን የምትውል ጎረቤት ስትጣራ ልጅ አልልክም ማለት በሰፈሩ ነውር ነው። የጎረቤት ሐቅ ነዋ!

ትሄዳለች… ታዞራለች… "መጣ?" ትላለች… "መጣ!" ይሏታል።

"አትሂጂ፣ ደግሞ ይጠፋል። ቁጭ በይ" ይሏታል።

ትቀመጣለች። ትማራለች።

በዓመቱ ፈተናውን አለፈች።

ይኸው ዛሬ ያንን እንጨት ሊጥሉት ነው…

ዑምኩልሱም በአጥሩ በር ገባች። ፊቷ ቀልቷል።

"ሙስዓብ፣ አንቴናው ጥፋት የለበትም።"

"እ?"

"የማበላሸው እኔ ነበርኩ።"

ነገረቻቸው። ቀዳዳውን… ትምህርቱን… ሁሉንም።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደ ሌባ ነበር እጄን የማሾልከው። ዓመት ሙሉ እያታለልኩዎት ኖርኩ።"



እትዬ ሀዲያ ድንገት ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ!

"አንቺ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ በወባ ተኝተሽ ትዝ ይልሻል?"

"አዎ…"

"ተነስተሽ የመጣሽ ቀን ማነው የጠራሽ?"

"እርስዎ ነዎት። አንቴናው ዞሮ ነበራ።"

"አንቺ አዞርሽው?"

ያን ቀን ከአልጋዋ ገና መነሳቷ ነበር… አጥሩ ጋ አልደረሰችም!

"እኔ ነኝ ያዞርኩት! እጅሽን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አይቼዋለሁ። አንቺ ስትዘገዪ እኔ አዞር ነበር። ነፋስ መስሎሻል እንዴ?"

"እና… ለምን ዝም አሉኝ?"

"ብነግርሽ አፍረሽ ትቀሪያለሻ! እኔን ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ሲድሩኝ የጠራኝ አንድም ጎረቤት አልነበረም። አጎትሽ በር ይዘጋ ይሆናል… አየሩን ግን ማን አባቱ ይዘጋዋል?"

ሙስዓብ ፒንሳውን እንደያዘ መሰላሉ ላይ ደርቆ ቀረ።

"እና እኔ ልጅሽ 'ተበላሸ' እየተባልኩ ያደግኩት…"

"አንተማ ትምህርት ቤት ነበርክ! ምን ጎደለብህ?"

ሙስዓብ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የላላውን ሽቦ በፒንሳው አጠበቀና ወረደ። ዲሹ ኩሽናው ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ግማሹን ቻናል ዛፉ ይጋርደዋል… ይጋርደው!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ዑምኩልሱም! ነይ ይቺን ነገር አዙሪልኝ!"

ሮጣ ሄደች። ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ያሳያል።

"እትዬ፣ ደህና ነው እኮ። ምንም አልሆነም።"

"አውቃለሁ። ቁጭ በይ።"

.

ወዳጆቼ… ክፉ ትእዛዝን መስበር ሁልጊዜ ጩኸት አይፈልግም። አንዳንዴ እንጨት ዞር ማድረግ ይበቃል። ሴት ልጅ እንዳትማር በር የሚዘጋ ሁሉ ይወቀው… ከአጥሩ ወዲያ የምታዞር ሌላ እጅ አለች!

እናንተስ… አይታ እንዳላየች ሆና መንገድ የከፈተችላችሁ ጎረቤት ነበረቻችሁ? ምን አድርጋላችሁ ነበር? ስሟን ጠርታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉላት።