ሮስኮ ያስጠገነው የአረር ቅርጽ

ሮስኮ የብረቱን ቅርጽ በዴልበርት ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። የቀለጠ እርሳስ ፈስሶበት የሽጉጥ አረር ሆኖ የሚወጣበት፣ ዴልበርት በገዛ እጁ የሠራው ቅርጽ ነው።

«አበላሽተህ የሠራኸውን አንተው አስተካክለው። ለቅዳሜው የተኩስ ውድድር እፈልገዋለሁ። በነጻ ነው ደሞ!»

«ይደርስልሃል» አለ ዴልበርት።

ሚስቱ ቬርና ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይህ ሰው እኮ የባሏን ወንድም ሊላንድን አደን ላይ በሽጉጥ የገደለ ነው! ዳኛው ፊት ቆሞ፣ «ያነጣጠርኩት አጋዘኑ ላይ ነበር፤ የዴልበርት ቅርጽ ጠማማ ስለሆነ አረሩ ስቶ ሄደ» አለ፤ ታመነለት። ከዚያ ወዲህ በሞንታና ምድር የዴልበርትን ቅርጽ የሚገዛ ጠፋ። ዴልበርት ወንድሙን ቀብሮ፣ ወንድሙን ያስገደለ እጅ ተባለ።

ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ሰነበተ። ማታ ሲወጣ ቬርና ገብታ ስትጠርግ የብረት ብናኝ የሚባል አላገኘችም። ዱካውን እያጠፋ መሰላት። ቅርጹን ከልኩ በላይ ሞርዶ ካሰፋው፣ ሽጉጡ ሮስኮ እጅ ላይ እንደሚፈነዳ ከባሏ ሰምታለች።

«ዴል፣ በሞቴ! እስር ቤት ልትገባልኝ ነው?»

«ፊቱን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው» አላት።

ቅዳሜ ከተማው ነቅሎ ወጣ። የውድድሩ ዳኛ የከተማው ሕግ አስከባሪ፣ ራሱ ሸሪፉ ነበር። ሮስኮ ከዴልበርት በተረከበው ቅርጽ ባወጣው አዲስ አረር የሞላውን ሽጉጥ ሲያነሳ ቬርና ዓይኗን ጨፈነች። አምስት ጊዜ ተኮሰ።

ምንም አልፈነዳም። ዓይኗን ስትገልጥ ሮስኮ ዒላማውን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዟል። አምስቱም ቀዳዳ መሃል ላይ ተደራርቦ አንድ ሳንቲም ይሸፍነዋል። ቬርና ተናደደች፤ ለወንድሙ ገዳይ እንዲህ ያለ ሥራ!

«እየው ሸሪፍ!» እያለ ፎከረ ሮስኮ።

«ሽጉጡ የዚያን የአደኑ ቀን የያዝከው ነው?» አለ ዴልበርት።

«ያው ነው! ባሩዱም ያው፣ እጁም ያው! ጥፋቱ የቅርጽህ ነው ብዬ አልነበር? ይኸው ስታስተካክለው ፀጉር ይሰነጥቃል! ሸሪፍ፣ አንተም መስክር!»

ዴልበርት ወደ ሸሪፉ ዞረ።

«ቅርጹን አልነካሁትም፤ እንዳመጣው ነው የመለስኩለት።»