የተረፈው ብቅል

በዛብሽ ጣቷን ገንፎው ውስጥ ነከር አድርጋ ቶሎ አወጣችው። ገና ያቃጥል ነበር። ጉሮሮው ታሞ ከውኃ በቀር መዋጥ ያቃተው ባሏ፣ ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር ባለው ምግብ ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ያያታል። የመጀመሪያውን ድስት ያበላሸችው ራሷ ነበረች። ጁባ ከመጣች ወዲህ ኮሌራን ፈርታ ሁሉን ማፍላት ስለለመደች፣ ብቅሉንም ከማሽላው ዱቄት ጋር አንተከተከችው። ገንፎው እንደ ጭቃ ረግቶ ቀረ።

«ማሌሽ፣ አይዞሽ እትዬ» አለቻት ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤቷ ኛቺየንግ፣ ጋምቤላ ባደገ አማርኛዋ። «ብቅሉ ከፈላ እኮ ይሞታል። ገንፎው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰንፋል። ጣትሽ ሲችለው ነው የሚያቀጥንልሽ። በውኃ ብታቀጥኚው ጉልበት አይሆነውም።»

እንደገና ነከረች። አሁን ጣቷ ቻለ። ከአዲስ አበባ ካስመጣችው ብቅል ከተረፈው ላይ አንድ እፍኝ ነሰነሰችና አማሰለች። ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ አቁሞት የነበረው ገንፎ ቀስ በቀስ ላላ፤ ቆይቶም እንደ ወተት ከማንኪያው ላይ ወረደ። አጎረሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ደገመችለት፤ እሱንም ዋጠ።

«ተመስገን!» አለች በዛብሽ፣ ሌላ እፍኝ ልትዘግን እጇን ወደ ከረጢቱ እየሰደደች።

ባሏ የእጇን አንጓ ያዘ።

«ተይው» አላት፣ ብቅል ብቅል በሚሸት ትንፋሽ። «ለጠላው ይቀመጥ። እዚህ አገር ለተዝካሬ ብቅል ከየት ታመጫለሽ?»