የታሸገው ትእዛዝ

ድሮ፣ መርከብ በሸራ በሚሄድበት ዘመን፣ በባሕር ማዶ አንድ የጦር መርከብ አዛዥ ነበር አሉ። ዓለምን ሁለቴ ዞሮ በስተርጅና ቤቱ ገባ። ሚስቱ ደስ አላት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ።

ከዚያማ ሰውዬው ቤቱን መርከብ አደረገው። በማለዳ ደወል እየደወለ ይቀሰቅሳታል፤ ድስቶቹን በሰልፍ አቁሞ ይመረምራል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላታል። ምስኪን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች አዛዥ ሾርባ ስትሠራ እንዴት እንዳልሰጠመች እንጃ።

በስድስተኛው ወር የንጉሡ መልእክተኛ መጣ፤ ባስቸኳይ መርከብ ተረከብ የሚል። አዛዡ ደረቱን ነፋ።

«አየሽ? ያለ እኔ ባሕሩም አልሆነላቸው።»

«ምን አቅም አለኝ ጌታዬ፤ አገር ሲፈልግዎት እኔ ልከልክል?» አለች።

ሣጥኑን ወዲያው ሸክፋ በር ላይ አስቀመጠችለት። ባለሙያ ሴት ናት። ወደቡ ላይማ መሐረቧ በእንባ ራሰ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

የት እንደሚሄድ የሚናገረው ወረቀት ታሽጎ ነበር። ደንባቸው ነው፤ የብሱ ከዓይን ሳይጠፋ አይከፈትም። ሲጠፋ አዛዡ መኮንኖቹን ሰበሰበ፤ ጉሮሮውን ጠራረገና ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ባለቤትዎ በጻፉልን አራት ደብዳቤ መሠረት እስከ ምድር ዳርቻ ይሄዳሉ። እሳቸው የለመኑን ለሦስት ዓመት ነበር። የድስቶቹን ነገር ስናነብ አዝነን አምስት አድርገነዋል።»